«ቤቶችንም ይሠራሉ» የሚለው ቃል ለእኛም ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ነው። ከገበሬ ላይ ቦታ ገዝተን፣ ዕቁብ ሲደርሰን ጭቃ ቤት ሠርተን ለዓመታት ኖርንበት። ካርታ የለውም። ያለን ምስክሮች የፈረሙበት ውል ብቻ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ፈረሰ። በሩንና መስኮቱን ነቅለን፣ ቆርቆሮውን አውርደን አሁን አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ቤቱን ልንጀምር ስንል ባለቤቴ ጸልያ መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጥ ኢሳይያስ 65፥21 ወጣላት፤ «ቤቶችንም ይሠራሉ ይቀመጡባቸውማል» የሚለው። በካርቶን ጽፋ ግድግዳው ላይ ሰቅላው ነበር። አሁን እኔ ቆርቆሮውን ልሽጠው እላለሁ። እሷ ደግሞ «እግዚአብሔር ቃል ገብቶልናል፣ መልሶ ያሠራናል፤ መሸጥ ክህደት ነው» ትላለች። በዚህ ነገር ሳንጣላ የምናድርበት ቀን የለም። እኔማ ሰባኪው «እግዚአብሔር የተናገረውን ይፈጽማል» ሲል አሜን ማለት አቅቶኛል። ቃሉ ለእኛ ካልሆነ ለማን ነው? ደግሞም «ቤቱ ከተረፈ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ስእለቱ አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ አሜኑ ልንገርህ። አሜን ማለት ስላቃተህ ከሃይማኖት አልወጣህም። ልጁ የታመመበት አባት ጌታችን ፊት ቆሞ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነበር (ማር. 9፥24)። ጌታ «እምነትህ ሲሞላ ተመልሰህ ና» አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። አንተም ከዕለተ እሑድ ቅዳሴ ካልቀረህ፣ አፍህ ባይከፈትም እግርህ አሜን እያለ ነው። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ ብቻ አይደለም፤ እውነትም ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሱ እንምጣ። ከቁጥር 21 በፊት ቁጥር 17 አለ። «እነሆ፥ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር እፈጥራለሁና» ይላል። ቤት ሠርቶ የመኖሩ ተስፋ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 22 ደግሞ «ሌላ እንዲቀመጥበት አይሠሩም» ይላል። እስኪ ይህን ልብ በል። እግዚአብሔር ይህን የተናገረው ቤታቸው ለፈረሰባቸው፣ የተከሉትን ሌላ ለበላባቸው ሰዎች ነው። ሠርቶ አለመኖር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ያ ነገር የማይኖርበት ቀን እንደሚመጣ ነው ቃል የገባው።

ስለዚህ ቃሉ ለእናንተም ነው፤ ለባለቤትህም፣ ለአንተም፣ ለልጆቻችሁም። ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ላለችው ለዚያች ቦታ የተሰጠ ካርታ አይደለም። ብዙ ምእመናን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የወጣውን ጥቅስ ለራስ ጉዳይ መልስ አድርጎ መያዝ በየቤቱ ተለምዷል። ጸልዮ መግለጡ ክፋት የለውም፤ ልብ ያጽናናል። ግን እግዚአብሔር ያላለውን «ብሏል» ያሰኛል። ከዚያ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ሰው የሚያዝነው በራሱ ግምት ሳይሆን በእግዚአብሔር ላይ ይሆናል። ያንተ አሜን የጠፋውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቃሉ አልዋሸህም። ቃሉ ያልተሸከመውን ነገር ጭናችሁበት ነበር።

እንዲህ ስል ባለቤትህን እየወቀስኩ አይደለም። በካርቶን ጽፎ መስቀል ደግ ነገር ነው። ካርቶኑ ካለ አሁንም በምትኖሩባት ክፍል ስቀሉት። ቁጥር 17ን ጨምሩበት እንጂ አታውርዱት።

አሁን ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ኤርምያስ 32ን አንብቡ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለእናንተ ጉዳይ ከዚህ የሚቀርብ ምዕራፍ አላውቅም፤ ነገሩ ስለ መሬትና ስለ ውል ነውና። የይሁዳ ንጉሥ የሴዴቅያስ 10ኛው ዓመት ነበር። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቧል። የአፈሩ ቁልል እስከ ቅጥሩ ደርሷል። ነቢዩ ራሱ እስረኛ ነው፤ «ከተማይቱ በጠላት እጅ ትወድቃለች» ብሎ በመናገሩ በንጉሡ ቤት ግቢ ታስሯል። እንዲህ ባለ ሰዓት የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጣና «በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛልኝ፤ የመቤዠት መብቱ ያንተ ነው» አለው፤ የዘመድን መሬት ቀድሞ የመግዛት መብት ማለቱ ነው።

ዓናቶት የኤርምያስ የትውልድ መንደር ናት። ከኢየሩሳሌም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ እንደ እናንተው የከተማ ዳር። ሰዎቿ ደግሞ ከዚያ በፊት ሊገድሉት የፈለጉ ናቸው (ኤር. 11፥21)። ከከተማዋ ቅጥር ውጪ የጠላት ጦር ሰፍሯል። ያንን መሬት በዚያ ቀን ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ሰው አይገኝም። ኤርምያስ ግን ገዛው። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ። ውሉን ጻፈ፤ አተመ፤ ምስክሮች አቆመ። ውሉ ሁለት ቅጂ ነበረው፤ አንዱ የታተመ፣ አንዱ ክፍት። ሁለቱንም አናምኤል፣ ምስክሮቹና በግቢው የተቀመጡት ሰዎች እያዩ ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠው። ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያስቀምጠው አዘዘው።

ውል እንዴት እንደሚፈረም አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ምስክር ለምነህ ሰብስበሃል። አውራ ጣትህን ወይ እስክሪብቶህን ወረቀቱ ላይ አሳርፈሃል። ከዚያ በፌስታል ጠቅልለህ ፍራሽ ሥር ወይ ሣጥን ውስጥ ከተሃል። ስለዚህ የኤርምያስ እጅ በዚያ ቀን ምን ይሠራ እንደነበር ሳትነገር ይገባሃል።

ሦስት ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው ስለ ባለቤትህ ጥያቄ ነው። ነቢዩ ሰው ሊመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ከእግዚአብሔር ሰምቶ ነበር። ሆኖም አናምኤል በአካል መጥቶ ያንኑ ቃል እስኪናገር ድረስ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው «የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሆነ አወቅሁ» ያለው (ቁ. 8)። ነቢይ ሆኖ ሳለ እንኳ ታግሦ አረጋገጠ። እኛ ደግሞ አንድ ጥቅስ ስለወጣልን፣ አንድ ሰው ስለተነበየልን ብቻ ብንቸኩል ምን ይባላል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ሁለተኛው ላንተ ነው። ኤርምያስ ውሉን ለባሮክ ከሰጠ በኋላ ወደ ጸሎት ገባ። ጸሎቱ ያማረ ነው የሚጀምረው። ሰማይና ምድርን የፈጠርህ አምላክ፣ ለአንተ የሚሳንህ ነገር የለም ይላል። መጨረሻው ላይ ግን ግራ ገብቶት እናገኘዋለን። ከተማይቱ በከለዳውያን እጅ ልትገባ ነው፤ አንተ ደግሞ እርሻ በብር ግዛ ትለኛለህ፤ ይላል (ቁ. 24-25)። ገዝቶም አልገባውም። ፈርሞም ግራ ተጋብቷል። እምነቱ ግራ አለመጋባት አልነበረም። የታዘዘውን ፈጽሞ፣ ያልገባውን ለእግዚአብሔር መንገሩ ነው እምነቱ። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። «በውኑ ለእኔ የሚያቅተኝ ነገር አለን?» ብሎ መለሰለት፤ ከዚያም ሕዝቡ በብንያም አገርና በኢየሩሳሌም ዙሪያ እንደገና መሬት እንደሚገዛ፣ ውል እንደሚፈራረም፣ ምስክር እንደሚጠራ ነገረው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ወደቀች። በሚቀጥለው ዓመት ቅጥሩ ተጣሰ፤ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፤ ሕዝቡ ተማረከ። የተስፋው ቃል ከተነገረ በኋላ ነገሩ ባሰበት። ኤርምያስ ያንን እርሻ አርሶ በላ የሚል ቃል በመጽሐፉ አናገኝም። ወገኖቹ ወደ ግብፅ ይዘውት እንደወረዱ ነው የምናነበው (ኤር. 43)። ታዲያ ውሉ ምን ሆነ?

መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2ን ክፈቱ። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ፈቅዶላቸው ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች ዝርዝር ነው። ስምና ቁጥር ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። እናንተ አትዝለሉት። ቁጥር 23 ላይ «የዓናቶት ሰዎች» ይልና ቁጥራቸውን ያስቀምጣል፤ 128። ከ42,360 ሰው መካከል 128 ሰው ከዚያች ትንሽ መንደር። በነህምያ 11፥32 ደግሞ ዓናቶት ሰው ተመልሶ ከተቀመጠባቸው ቦታዎች ጋር ተጽፋለች። ያ የማይሆን ይመስል የነበረው ቃል ተፈጸመ። ነጋሪት አልተጎሰመለትም። በመዝገብ ውስጥ አንዲት መስመር ሆኖ ነው የገባው። እኔ በበኩሌ ከብዙ የተአምር ታሪኮች ይልቅ ያቺ መስመር ታበረታኛለች።

ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክም እዚሁ ላይ የሚገባ ታሪክ አለ። ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ ያቀበለው ያ ደግ ሰው (ኤር. 38)። በለስ ለቅሞ ሊመጣ ተላከ። ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ። ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል፤ ከተማው ተለውጦ መንገዱ ጠፋበት። በመሶቡ ያለው በለስ ግን ዛሬ የተቆረጠ ይመስል ነበር። የጥፋቱን ዘመን እግዚአብሔር እንዳያይ አድርጎ አሳለፈው። ሁላችንም እንዲህ አይደረግልንም፤ አብዛኞቻችን ዓመቶቹን ነቅተን ነው የምናሳልፋቸው። ቢሆንም እኛን የሚያስረጀን ዘመን የእግዚአብሔርን ቃል እንደማያስረጀው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ የት ይገኛል?

እንግዲህ ቆርቆሮውስ? ወንድሜ፣ ብትሸጠው ክህደት አይደለም። ባትሸጠውም እምነት አይደለም። ኤርምያስ የገዛው ግዛ ስለተባለ ነው። እናንተን ሽጡም አትሽጡም ያላችሁ የለም። ስለዚህ ነገሩን ከሃይማኖት ላይ አውርዱትና እንደ ቤት ጉዳይ ተነጋገሩበት። የቤት ኪራይ ከጎደለ፣ የልጆቹ እራት ከጎደለ፣ ሽጡት፤ እግዚአብሔር አይቀየምም። ለጊዜው መግፋት ከቻላችሁና ወደፊት የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ይቆይ።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ባለቤትህ «አትሽጥ» ስትል የምትከራከረው ስለ ጥቅስ ብቻ አይመስለኝም። ያ ቆርቆሮ ከቤቷ የተረፈ ነገር ነው። ሥሩ ቡና አፍልታለች፤ ልጆች አሳድጋለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ድምፁን ታውቀዋለች። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛ ይቀመጣል፣ ይለቀሳል። ቤት ሲፈርስ ግን ማንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ አይመጣም። ምናልባት አልቅሳ አልወጣላትም ይሆናል። ቆርቆሮውን ከመሸጥህ በፊት አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብላችሁ ስለዚያ ቤት አውሯት። ሌሊት ሌሊት መጣላቱን ተዉት። ከዚያ በኋላ የምትወስኑት ውሳኔ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ምናልባት «ቤት ትሠራለህ አትቀመጥበትም» የሚለውን ከዘዳግም 28 ጠቅሶ «ኃጢአት ሠርታችሁ ነው» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። አትስሙት። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ብለው ነበር፤ እግዚአብሔር ተቆጥቷቸዋል።

ስለ ወረቀቱም አንድ ቃል። ውልህን ይዘህ ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጋር መማከር፣ አቤት ማለት፣ እምነት ማነስ አይደለም። ደግሞም ወደፊት ቦታ የምትገዛ ከሆነ በደንብ አጣራ። አንዳንድ ሰው ሳያጣራ ገዝቶ «በእምነት ነው የገዛሁት» ይላል። የነቢዩ እምነት ግን ሚዛን፣ ማኅተም፣ ምስክርና ሁለት ቅጂ ነበረው።

«ቃሉ ለእኛ ካልሆነ ለማን ነው?» ብለሃል። ለአንተ በስምህ የተሰጠህ ተስፋ ከቤት የሚበልጥ፣ ከቤትም ይልቅ የማይሆን የሚመስል ነው። በየቅዳሴው «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» እንላለን፤ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን። እስኪ አስበው፤ አፈር የሆነ ሰው ይነሣል እያልን ነው። አሁን ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነን። ሐዋርያት የእመቤታችንን ነገር ካረፈችበት ከጥር 21 ጀምረው ጠበቁ። ዮሐንስ በገነት ያየውን ሥጋዋን እኛም እንይ ብለው ሱባኤ ገቡ። ነሐሴ 14 ቀበሯት፤ ነሐሴ 16 ተነሣች። እኛም በየዓመቱ ለ15 ቀን የምንጾመው የማይሆን የሚመስለውን ተስፋ እንደያዝን ነው። ይህ ተስፋ ለአንተ ነው ወይስ አይደለም ብለህ አትጠይቅ። በተጠመቅህ ቀን ተሰጥቶሃል። «እኔም እስከ ዓለም ፍጻሜ ድረስ ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ነኝ» ያለውም እንዲሁ ነው። በተከራያችሁባት በአንዷ ክፍል ውስጥ አለ።

ቤት አይሰጣችሁም እያልኩ አይደለም። ሊሰጥ ይችላል፤ ለምኑት። ሦስቱ ወጣቶች በእሳቱ ፊት «አምላካችን ያድነን ዘንድ ይችላል» ካሉ በኋላ «ነገር ግን፥ እርሱ ባያድነን» አሉ (ዳን. 3፥17-18)። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ስትጸልይ ሁለቱንም ተናገር።

አሜን ማለት ሲያቅትህ ዳዊት ድገም። በግእዙ ቁጥር 12ኛውን መዝሙር ጀምር፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን። አጭር ነው። ያንተን ቃል ዳዊት ቀድሞ ተናግሮልሃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ጸሎት ብላ ተቀብላዋለች። ጮክ ብለህ በለው፤ ባለቤትህም ትስማው።

ስለ ስእለቱ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። «ቤቱ ከተረፈ» ብለህ ነው የተሳልኸው። ቤቱ አልተረፈም፤ ስለዚህ ዕዳ የለብህም። ሆኖም ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ልብህ እንዲያርፍ እሳቸው ይናገሩህ። ለጃንጥላው ብለህ የያዝከው ገንዘብ ካለ መስከረም ሳይጠባ ለልጆቹ ደብተር ግዛበት።